ሚስቴ ለሦስተኛ ዲግሪ ያመለከተች ጊዜ

ሚስቴ ረጅም መንገድ የሚሄዱ አውቶቡሶች መናኸሪያ ውስጥ መሥራት ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሥራዋ መናገር ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ጎኗ መስታወት የሆነች፣ አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ ክፍል አለች። እዚያ ተቀምጣ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ ታስጠጋና የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ትናገራለች። ቦርሳው የጠፋበት፣ ጓደኛው የጠፋበት፣ መታወቂያውን ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ረስቶ የሄደ ሁሉ በእሷ አፍ ይጠራል። የመናኸሪያው ሰዎች «መለከት» ይሏታል። እውነተኛ ስሟ ትዝ የሚላቸው ፊርማዋ ሲፈለግ ብቻ ነው።

ከእሷ ጋር ገበያ መውጣት ጣጣ አለው። «ሽንኩርቱ ስንት ነው?» ስትል ሦስት ሰው ዘወር ይላል። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንድ ሽማግሌ «የአራት ሰዓቱ ሄደ እንዴ?» ብለው ደንግጠው ዘንቢላቸውን ብድግ አደረጉት።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የቤታችን የፊት ክፍል ሱቄ ነው፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ መኖሪያችን ናቸው። አማቴም ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ውስጥ ታይፒስት ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይተይባሉ፣ ዓይናቸውን ገልጠው የሰው ስህተት ይለቅማሉ። የሱቄ ታፔላ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል ብለው ሙሉውን እንደገና አስቀብተውኛል።

ነገሩ የጀመረው ከዚያች የመስታወት ክፍል ነው። ሚስቴ አዳራሹን ቁልቁል እያየች ስትናገር አንድ ነገር ታዝባለች። ማስታወቂያውን ጨርሳ ማይክሮፎኑን ስታጠፋ፣ ታች ያለው ሰው ሁሉ ወደ ጎኑ ዞሮ አጠገቡ ያለውን ሰው «ምን አለች?» ይላል።

መጀመሪያ ተናደደች። ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ ቃሉን አንድ በአንድ አስቀምጣ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግማ ሞከረች። የድምፅ ማጉያውን ባለሙያ አስጠርታ አስፈተሸች። ማጉያው ምንም አልሆነም። ሰዉ ግን አሁንም «ምን አለች?» ነው። ንዴቷ ሲያልፍ መቁጠር ጀመረች። ባረጁ የጉዞ ሰሌዳዎች ጀርባ ላይ በእርሳስ ጭረት ታደርጋለች። ከመቶው ሰው ስድሳ ሦስቱ አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓቷ ወርዳ ከጠያቂዎቹ አንዱን ያዘችው።

«ወንድሜ፣ ማስታወቂያው አልተሰማህም ነበር?»

«ኧረ ተሰምቶኛል። በር ሰባት።»

«ታዲያ ሰውየውን ለምን ጠየቅኸው?»

ሰውየው አንገቱን አከከ። «እንጃ። እሱም የሰማው እኔ የሰማሁትን መሆኑን ልወቅ ብዬ ይሆናል።»

ያን ቀን ወደ ቤት ስትመጣ ፊቷ ያበራ ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ ሱቅ ውስጥ ቆማ ነገረችኝ። «ይገባሃል? ወሬውን ከእኔ ይሰሙታል፤ የሚያምኑት ግን እርስ በርስ ነው!» አለች። እኔ የሰው ኮት እጅጌ እየገጠምኩ ስለነበር «ይገባኛል» አልኩ። አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰሌዳዎቹ በዙ። አንድ ካርቶን ሞሉ፣ ከዚያ ሁለት።

ማስታወቂያውን ያገኙት አማቴ ናቸው። ጋዜጣ ሲያነቡ ከመጨረሻው ገጽ ጀምረው ወደ ፊት ነው የሚሄዱት። አንድ እሑድ ጠዋት በቀይ እስክሪብቶ ከበው ልጃቸው ፊት ዘረጉት።

«ዩኒቨርሲቲው በኮሙኒኬሽን ጥናት የዶክትሬት ፕሮግራም ከፍቷል። ስምንት ሰው ነው የሚቀበለው። ሦስት ሳምንት አለሽ።»

ሚስቴ ሁለተኛ ዲግሪዋን በዚያው ትምህርት ከያዘች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ በማታ ነበር የተማረችው።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።»

«ዕድሜ ማመልከቻው ላይ አንድ መስመር ናት» አሉ አማቴ። «ከሷ ሌላ ሃያ ሦስት መስመር አለ። ቆጥሬዋለሁ።»

ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ምን ትላለህ?»

እውነቱን ልናገርና ደስ አላለኝም። ያኔ የማታ ትምህርት ስትማር ሁለት ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ የሚተያይ ሰው አልነበረም። እኔም ዝም ብዬ የተቀመጥኩ እንዳይመስላችሁ፤ በየቀኑ አጉረምርሜያለሁ። አሁን ደግሞ አራት ዓመት! ግን ጣቷን ከማስታወቂያው ላይ አላነሣችም። «ጥሩ ነው» አልኩ። ድምፄ ግን ጥሩ ነው የሚል አልነበረም፤ እሷም ሳይገባት አልቀረም፤ ቢሆንም ጋዜጣውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ፕሮፖዛል የሚባለው ነገር አሥር ቀን ፈጀ። የምታጠናውን ነገር በአምስት ገጽ ጽፋ ማቅረብ አለባት። ቁርስ ላይ ትጽፋለች፣ አውቶቡስ እስኪነሣ ትጽፋለች፤ አማቴ ይተይባሉ። በአሥረኛው ቀን ከሰዓት ሱቄ ውስጥ ቆማ አነበበችልን። እኔ መኪናዬ ላይ ነኝ፤ አማቴ ወንበራቸው ላይ፤ ሱሪው እስኪያጥርለት የሚጠብቅ አንድ ጥርስ ሐኪም ደግሞ ፎጣ አገልድሞ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«የዚህ ጥናት ዐቢይ ዓላማ» ብላ ጀመረች፣ «በሕዝባዊ የመጓጓዣ ዐውድ ውስጥ የሚተላለፉ አንድ አቅጣጫዊ የድምፅ መልእክቶች በተቀባዮች ዘንድ የሚያገኙትን የተአማኒነት ደረጃ ከእርስ በርሳዊ የማረጋገጫ መስተጋብር አኳያ መፈተሽ ነው።»

ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ስትል ጥርስ ሐኪሙ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ምን አለች?» አለኝ።

አማቴን ሳቅ አፈናቸው። እኔ መርገጫውን ስቼ ስፌቱ ጠመመ። ሚስቴ መጀመሪያ ዓይኗን አፈጠጠች፣ ቀጥሎ ወረቀቱን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ምስኪኑ ሐኪም ፎጣውን በሁለት እጁ ይዞ «ምን አጠፋሁ?» ይላል።

«ምንም አላጠፋህም፤ ስድሳ አራተኛው ነህ» አለችው።

አማቴ ሳቃቸውን ሲጨርሱ መነጽራቸውን ጠርገው፣ «ልጄ፣ ይሄን አንቺ አልጻፍሽውም» አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስተይብ አንድ ነገር አይቻለሁ። ዳኛው ነገሩ የገባው ጊዜ ፍርዱ አጭር ነው። ያልገባው ጊዜ ግን እኔ ወረቀት እጨርሳለሁ። ለባልሽ እንደነገርሽው አድርገሽ ጻፊው።»

ሁሉንም ቀዳዳ ጣለችና በሁለት ቀን አዲስ ጻፈች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «በምሠራበት መናኸሪያ፣ ማስታወቂያ በተናገርኩ ቁጥር ከመቶ መንገደኛ ስድሳ ሦስቱ አጠገቡ ያለውን ሰው ‹ምን አለች?› ብሎ ይጠይቃል፤ ለምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።» ያኔ ነው ለእኔም የገባኝ። ደግሜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር ስታስብ ይሄን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ኖራለች ለካ!

የድጋፍ ደብዳቤ ሁለት ያስፈልጋል። አንዱን የመናኸሪያው ሥራ አስኪያጅ ጻፈላት። ሰውየው ትሄድብኛለች ብሎ ሰግቷል። «ሠራተኛዋ ሰዓት አክባሪ ናቸው» ይላል ደብዳቤው፤ አለቀ። ትንሽ እንዲያዳብረው ብትለምነው ወረቀቱን ተቀብሎ አሰበ፣ አሰበና «ሠራተኛዋ በጣም ሰዓት አክባሪ ናቸው» ብሎ መለሰላት።

ሁለተኛውን እንዲጽፉላት የጠየቀችው የድሮ አማካሪዋን ፕሮፌሰር ነው። ጡረታ ወጥተው ከታናሽ እህታቸው ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ጆሯቸው ደከም ብሏል። ሲያዩዋት እጇን ይዘው አልለቅም አሉ። ሁለት ሰዓት አጫወቷት። ደብዳቤውን እዚያው በእጃቸው ጽፈው፣ ፖስታውን በምላሳቸው አርሰው አሸጉት። በደንብ ስላመሰገኗት እየተንሳፈፈች ነው የመጣችው።

የጽሑፍ ፈተናውን አለፈች። ለቃለ መጠይቁ ቀን ጥቁር ሰማያዊ ጃኬት ሰፋሁላት፤ ትከሻው ላይ አንዲት መጨማደድ የለችበትም። ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ። እሷ ስትገባ እኔ ኮሪደሩ ላይ ከሌሎቹ ተረኞች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የበሩ መዝጊያ አርጅቶ አይገጥምም፤ ሳልፈልግም ሁሉም ይሰማኛል። ትንሽ ፈልጌም ነበር።

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢዋ ድምፀ ለስላሳ ሴት፣ አንድ ወጣት ዶክተር፣ አንድ ደግሞ የሚያስለው ሰውዬ። ስለ ሰሌዳዎቹ ጠየቋት፤ እንዴት እንደቆጠረች፣ ማንን እንደቆጠረች። ወጣቱ ዶክተር «ሰዎቹ የሚጠይቁት ስላልሰሙ ሳይሆን ብቻቸውን መሳሳት ስለማይፈልጉ ነው እያሉን ነው?» ሲላት «አዎ! እሱን ለማለት አሥር ቀን ፈጅቶብኛል» አለች። ሳቁ። ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከዚያ ሰብሳቢዋ ፖስታ ስትቀድ ተሰማኝ። «ፕሮፌሰሩ የጻፉት ደብዳቤ የሚገርም ነው» አለች። «በሠላሳ ዓመት መምህርነቴ እንዲህ ያለ ተማሪ አላየሁም ይላሉ። በፀጉር አስተካካዮች ቤት ጨዋታ ላይ የሠሩት የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት እስከ ዛሬ ማስተማሪያ ነው ይላሉ። ክፍል ውስጥ ዝምተኛ እንደነበሩና...»

እኔ አግዳሚው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሚስቴ ፀጉር አስተካካዮችን አጥንታ አታውቅም። ዝምተኛ ደግሞ... ስለ ዝምታዋ እኔን ጠይቁኝ።

ማንም አያውቅባትም ነበር። አመሰግናለሁ ብላ ማለፍ ትችል ነበር። እኔ እንኳን በልቤ «ዝም በይ፣ ዝም በይ» እያልኩ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ይቅርታ» አለች። «ይህቺ ሴት እኔ አይደለሁም። አብራኝ የተማረች ልጅ ናት፤ ጭምቷ ነበር የምንላት። ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው። ፕሮፌሰሩ ተምታታባቸው መሰለኝ። የተባለው ሁሉ ግን ለእሷ ይገባታል።»

የሚያስለው ሰውዬ ማሳሉን አቆመ። ሰብሳቢዋ ትንሽ አሰብ አድርጋ «እንዲያ ከሆነ ፋይልዎ አልተሟላም ማለት ነው» አለች። «እስኪ እንደውልላቸው።»

የስልኩን ድምፅ ከፍተው ደወሉ። ፕሮፌሰሩ አነሡ።

«ፕሮፌሰር፣ ከዩኒቨርሲቲው ነው።»

«ማን?»

«ከዩኒቨርሲቲው! ስለ ደብዳቤው!»

«ዳቦ አላዘዝንም! ተሳስታችኋል!»

ወጣቱ ዶክተር ተቀብሎ ጮኸ፤ ጭራሽ ባሰ። ያኔ ሚስቴ «ይፍቀዱልኝ» አለችና በሥራ ድምፅዋ፣ ሳትጮህ፣ ቃሉን አንድ በአንድ አስቀመጠችላቸው። «ፕሮፌሰር። ደብዳቤው። የጭምቷ ነው። የእኔ አይደለም።» ኮሪደሩ ላይ የነበርነው ሁሉ ቀና አልን፤ አንዱማ ቦርሳውን አንጠለጠለ።

ፕሮፌሰሩ «አንቺ ጭምቷ አይደለሽም እንዴ?» አሉ።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ የቷ ነሽ? ቆይ... ቆይ! መናኸሪያዋ! አፍሽ የማይዘጋው!»

«እሷ ነኝ።»

ውስጥ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። ሰብሳቢዋ ድምጿን አስተካክላ፣ አዲስ ደብዳቤ ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሰ ስሟ ከዝርዝሩ እንደሚወጣ ነገረቻት።

ነገ ጠዋት ደግሞ ሚስቴ ተረኛ ናት፤ የሚተካት ሰው የለም። «እኔ እሄዳለሁ» አልኳት። ተገርማ አየችኝ። እኔም ተገረምኩ።

ጠዋት አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለክሁ ወጣሁ። በሩን ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ከፈቱ። ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቀጥ ብለው ቆሙ። ግራ ገባኝ። ለካ ስቸኩል ሜትሬን ከአንገቴ ላይ ሳላወርድ ነው የመጣሁት።

«ልብስ ሰፊ ጠርተሻል?» ብለው ወደ ውስጥ ተጣሩ።

እህታቸው እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። አጭር፣ ፈጠን ያሉ ሴት ናቸው። ነገሩን ከስር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው፤ እሳቸው ደግሞ ወደ ወንድማቸው ጆሮ ጠጋ ብለው በሦስት ቃል ጨረሱት። «የመናኸሪያዋ ባል ነው።»

«አሃ!» ብለው ፕሮፌሰሩ ጎትተው አስቀመጡኝ። ይቅርታ ጠየቁኝ፤ በጣም አፍረዋል። ወዲያው መጻፍ ጀመሩ። የግድግዳው ሰዓት አራት ተኩል ይላል። ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ፣ ይስቃሉ፣ ይጽፋሉ። እህታቸው ከትከሻቸው በላይ እያነበቡ «ጋሼ፣ ይሄ ስለ አንተ ነው፤ አውጣው» ይላሉ። አምስት ሰዓት ሲሆን ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ።

«አሁንስ አልሳሳትም። አንብብና ሚስትህ መሆኗን አረጋግጥልኝ።»

አነበብኩ። ከሥራ በቀጥታ ስትመጣ ድምፅዋ ሰልሎ እንደነበር ጽፈዋል። አንድ ቀን እሳቸው ሁለት ሰዓት ካስተማሩ በኋላ በዚያ በሰለለ ድምፅ «መምህር፣ አልገባኝም» ብላ ሁሉንም እንደገና እንዳስጀመረቻቸው፤ ከዚያ ሌሎቹን ሲጠይቁ አርባዎቹም እንዳልገባቸው፣ ለመናገር የደፈረችው ግን እሷ ብቻ እንደነበረች። «ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስተማር ዘዴዬን ለውጫለሁ» ይላል። እኔ ያን ጊዜ ቤት ተቀምጬ ለምን ዘገየች ብዬ ስነጫነጭ ነበር። ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ።

መጨረሻው ላይ «ባለቤቷም ለትምህርቷ ጠንካራ ደጋፊዋ ነው» ይላል።

«ሁሉም እሷ ናት» አልኳቸው። «ይህቺ የመጨረሻዋ ግን... ትሰረዝ መሰለኝ። ያኔ እንደዚያ አልነበርኩም።»

ፕሮፌሰሩ አልሰሙም። እህታቸው ግን ሰምተዋል። ሜትሬን ከአንገቴ አውርደው ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና «ተዋት፣ አትሰረዝም» አሉ። «ካሁን በኋላ እውነት አድርጋት።»

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስደርስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ጸሐፊዋ ተቀብላ ማኅተም መታችበት።

ውጤቱ የተለጠፈው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አማቴ ናቸው ሊያዩ የሄዱት፤ ሚስቴ አልችልም ብላ ነበር። ከሰዓት ሱቁ በር ላይ ጥላቸውን ተደግፈው ቆሙና ምንም ሳይሉ መነጽራቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ሚስቴ ግድግዳውን ያዘች።

«ተቀበሉን» አሉ አማቴ። «አምስተኛ ነን። ግን ስማችን ላይ አንድ ፊደል አሳስተዋል፤ አስተካክሉ ብያቸው መጣሁ።»

ሚስቴ ጮኸች። እንዴት እንደጮኸች አልነግራችሁም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፋርማሲስት ምን ሆናችሁ ብሎ ሮጦ መጣ። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲዞሩ የተንጠለጠለ የደንበኛ ኮት ገልብጠው ጣሉ። እኔም ሥራዬን ትቼ ገባሁበት።

የመናኸሪያው ሥራ አስኪያጅ፣ የተፈራውን ያህል አልከፋም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለትምህርቷ ፈቀደላት። የመጀመሪያው የትምህርት ቀን ክፍል ስትገባ ተማሪዎቹ አስተማሪዋ መስላቸው ብድግ ብለው ተቀበሏት። «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» ብላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሄዳ ቦታ ያዘች። ይህን ስትነግረኝ ሳቋ አቋርጧት እንደገና ጀመረችው።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ የእኔ አይደለም። በአንዱ ጫፍ ሚስቴ መጻሕፍቷን ትደረድራለች፤ በሌላው አማቴ ይተይባሉ። ትናንት አንድ ደንበኛ ካፖርት ሊያስቆርጥ መጣ። ጨርቁን ይዤ ጠረጴዛውን አየሁ፤ ሁለቱም ቀና አላሉም። ምንጣፉን ጠርጌ ጨርቁን ወለሉ ላይ ዘረጋሁና ተንበርክኬ ቆረጥኩለት። እውነት ለመናገር ከጠረጴዛው ይሻላል፤ ሰፊ ነው።